ወሰን በካርታ አይወለድም፦ ስለ ክልሎች አከላለል ለወጣው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን በጅማ ብዙ ሰው እየተቀባበለ ያነበበው አንድ ጽሑፍ አለ። ጸሐፊው የኦሮሚያ ክልል ከደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልልና ከማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ጋር የሚዋሰንበትን መስመር አንሥተው፣ ነገሩ የከበደው ባለሥልጣናት ስላጓተቱት እንጂ በራሱ ቀላል ነው ይላሉ። መፍትሔያቸው አምስት ነው። የድሮው ካርታ ይውጣ፤ ወንዝ ባለበት ወንዙ ወሰን ይሁን፤ የቀረውን ሁለት ወጣቶች ስልክ ይዘው በጂፒኤስ በአንድ ሳምንት ይለኩት፤ የሚያከራክር ቀበሌ ካለ ድምፅ ሰጥቶ ይገላገል፤ ከመስመሩ ማዶ የቀረ ገበሬ ደግሞ መሬቱን ቀይሮ ወደ ወገኑ ይሻገር።

ቅንነታቸውን አንጠራጠርም። የወሰን ጠብ የሚያስከፍለውን የሚያውቅ ሰው «ቶሎ ይለቅ» ቢል አይፈረድበትም። ሆኖም በቅየሳና በመሬት አስተዳደር ሥራ ላይ ያለን ሰዎች እንደመሆናችን፣ እነዚህ ምክሮች መሬት ላይ ሲወርዱ ምን እንደሚያስከትሉ እናውቃለን። አንዳንዶቹ ግማሽ እውነት አላቸው፤ የመጨረሻው ግን ጨርሶ መነገር ያልነበረበት ነው። በጽሑፉ ቅደም ተከተል እንሄዳለን።

አስቀድሞ ስለ አንድ ቃል። ጽሑፉ ከዳር እስከ ዳር «ድንበር» ይላል። ድንበር በሁለት አገሮች መካከል ያለ ነው፤ ሲሻገሩት ፓስፖርት ይጠየቃል። በክልሎች መካከል ያለው የአስተዳደር ወሰን ነው። ወሰኑ ግብር የሚሰበስበው፣ ትምህርት ቤቱን የሚያስተዳድረው፣ የይዞታ መዝገቡን የሚይዘው የትኛው ወረዳ እንደሆነ ይለያል፤ ከዚያ አልፎ ሰው አይለይም። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 32 መሠረት ማንኛውም ኢትዮጵያዊ በፈለገው የአገሪቱ ክፍል የመዘዋወርና መኖሪያ የመመሥረት ነፃነት አለው። ጸሐፊው ወሰኑን ድንበር ብለው ስለጀመሩ ነው መጨረሻ ላይ ገበሬ ወደ ማሻገር የደረሱት።

«የድሮው ካርታ ይውጣ»

የትኛው ድሮ? በአባ ጅፋር ዘመን የነበረውን ማለታቸው ከሆነ፣ ያን ጊዜ መስመር አልነበረም። የጊቤ አካባቢ መንግሥታት እርስ በርስ የሚለያዩት ሞጋ በሚባል፣ ሳይታረስና ሰው ሳይሰፍርበት ሆን ተብሎ በሚተው ሰፊ መሬት ነበር። መተላለፊያው ላይ ኬላ ይቆማል፤ ነጋዴ ቀረጥ የሚከፍለውም መልእክተኛ ፈቃድ የሚጠብቀውም እዚያ ነው። በዚያን ጊዜ «ወሰኑ የት ነው?» ተብሎ የተጠየቀ ሰው የሚያሳየው በእግር ብዙ የሚያስኬድ ባዶ መሬትን ነው። ዛሬ ያ መሬት ታርሷል፤ ቡና ተተክሎበታል፤ ሰፈር ሆኗል። ከሞጋው መካከል አንድ ቀጭን መስመር መርጦ «ታሪካዊው ይህ ነው» ማለት አዲስ መስመር መፍጠር ነው።

ማለታቸው የንጉሡ ወይም የደርግ ዘመን ካርታ ከሆነ ደግሞ ሌላ ችግር ይመጣል። ያን ጊዜ ጅማ የከፋ ጠቅላይ ግዛት፣ በኋላም የከፋ ክፍለ ሀገር ዋና ከተማ ነበረች። ጅማ፣ ሊሙ፣ ከፋ፣ ጊሚራ፣ ማጂ፣ ኩሎ ኮንታ የተባሉት አውራጃዎች ሁሉ በዚያ ሥር ነበሩ። ዛሬ ሁለት ክልል የሆኑት የጎጀብ ወንዝ ግራና ቀኝ በአንድ አስተዳደር ውስጥ ነበሩ ማለት ነው። በመካከላቸው የነበረው የአውራጃ መስመር ሲሆን፣ ተግባሩም ጽሕፈት ቤት ለጽሕፈት ቤት ሥራ ማከፋፈል ብቻ ነበር። ማንም ሁለት ራሳቸውን የቻሉ ክልሎችን ይለያል ብሎ አላሰመረውም። በ1980 ዓ.ም. አገሪቱ በራስ ገዝና በአስተዳደር አካባቢ እንደገና ተከፈለች፤ በ1984 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 7 ደግሞ 14 ብሔራዊ ክልላዊ አስተዳደሮች ተቋቋሙ። እያንዳንዱ የየራሱ «የድሮ ካርታ» አለው። ተከራካሪዎቹ ካርታ ይዘው ሲመጡ ሁሉም የሚጠቅመውን ዓመት ይዞ እንደሚመጣ የታወቀ ነው።

ዋናው ነገር ግን ሕጉ ነው። አንቀጽ 46 ክልሎች የሚዋቀሩት በሕዝብ አሰፋፈር፣ ቋንቋ፣ ማንነትና ፈቃድ ላይ ተመሥርቶ ነው ይላል። አንቀጽ 48 የወሰን ጥያቄ ሲነሣ በሚመለከታቸው ክልሎች ስምምነት እንደሚፈጸም፣ ካልተስማሙ ደግሞ የፌዴሬሽን ምክር ቤት የሕዝብን አሰፋፈርና ፍላጎት መሠረት አድርጎ እንደሚወስን ይደነግጋል። ከሁለቱም ውስጥ ታሪክና ካርታ የሚል ቃል የለም። ከሕገ መንግሥቱ ጋር ተያይዞ የጸደቀ የክልሎች ካርታም የለም። ስለዚህ የድሮ ካርታ ማስረጃ ሊሆን ይችላል፤ ውሳኔ ግን አይደለም።

ማስረጃነቱንም ቢሆን ማንበብ የሚያውቅ ሰው ይፈልጋል። የድሮ ካርታ ትልቁ ጥቅሙ በላዩ ላይ ያለው የወሰን መስመር አይደለም፤ የቦታ ስሞቹ ናቸው። በ1:50,000 ልኬት በአየር ፎቶግራፍ ተመሥርተው የተሠሩት ቶፖግራፊክ ካርታዎች የትኛው ጅረት ምን ይባል እንደነበር፣ የትኛው መንደር የት እንደነበር፣ መንገዱ በየት ያልፍ እንደነበር ይናገራሉ። መስመሩን በተመለከተ ግን የስፋቱን ሒሳብ ማስላት ያስፈልጋል። ግማሽ ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው የቀለም መስመር በ1:50,000 ካርታ ላይ መሬት ላይ 25 ሜትር ይሸፍናል። በ1:250,000 ላይ 125 ሜትር፣ በግድግዳ ላይ በምንሰቅለው የ1:2,000,000 የአገር ካርታ ላይ ደግሞ ድፍን አንድ ኪሎ ሜትር ይሆናል። 125 ሜትር ስፋት በአንድ ኪሎ ሜትር ርዝመት 12.5 ሄክታር ነው። በጅማ ዙሪያ የአንድ ቤተሰብ ይዞታ ስንት እንደሆነ የሚያውቅ ሰው፣ ከቀለሙ ሥር ብቻ ስንት ቤተሰብ እንደሚኖር ይገምት።

«ወንዝ ባለበት ወንዙ ወሰን ይሁን»

ከአምስቱ ምክሮች ይህ የተሻለው ነው። ወንዝ ይታያል፤ ሕፃን ልጅም ያውቀዋል። ጎጀብ ዛሬም የጅማ ዞንን ከዳውሮ ይለያል፤ ወደ ቦንጋ በሚወስደው መንገድም ከጅማ ወደ ከፋ የሚሻገር ሰው የሚያልፈው እሱን ነው። ኦሞ ደግሞ ሐዲያን ከኦሮሚያና ከየም ይለያል። ግን «ወንዙ ወሰን ይሁን» የሚለው ዓረፍተ ነገር ገና ያላለቀ ነው። የወንዙ ምኑ?

አራት አማራጭ አለ፦ የቀኝ ዳርቻ፣ የግራ ዳርቻ፣ የሁለቱ ዳርቻ አማካይ፣ ወይም ጥልቁ የፍሰት መስመር። አማካዩ በካርታ ላይ ያማረ ነው፤ ነገር ግን ውኃው በሐምሌና በጥር አንድ ዓይነት ስፋት ስለሌለው አማካዩም በዓመት ሁለት ጊዜ ይንቀሳቀሳል። ጥልቁን መስመር መምረጥ የሚሻለው፣ በበጋ ውኃው ሲጎድል የመጨረሻው ውኃ የሚሄድበት እሱ ስለሆነና ማንም ገብቶ ሊያየው ስለሚችል ነው። ዳርቻን መምረጥ ግን ከሁሉ የከፋ ነው፤ ወንዙ በሙሉ ለአንድ ወገን ይሆንና ሌላው ከብቱን ውኃ ለማጠጣት ፈቃድ ጠያቂ ይሆናል። አሸዋ የሚያወጡ ወጣቶችን ጉዳይ ብቻ ብናነሣ፣ ከየትኛው ወረዳ ፈቃድ ይወስዳሉ የሚለው ጥያቄ በዚያው ቀን ይነሣል።

ቀጥሎ ወንዝ ይንቀሳቀሳል። ጎጀብ በገደል መካከል በሚሄድበት ቦታ ለዘመናት እዚያው ነው። ረግረግና ሜዳ በሚያገኝበት ቦታ ግን ይጠማዘዛል፤ አንዱን ዳር እየበላ ሌላውን ይሞላል። ይህ ቀስ በቀስ ሲሆን የተለመደው አሠራር ወሰኑ ከወንዙ ጋር እንዲሄድ ነው። በአንድ ክረምት ጎርፍ ወንዙ አሮጌውን መንገድ ትቶ ዘልሎ ሲሄድ ደግሞ ወሰኑ በአሮጌው መንገድ እንዲጸና ይደረጋል፤ አለዚያ አንድ ሌሊት የዘነበ ዝናብ የአንድ መንደር አስተዳደር ይቀይራል። ሁለቱን ለመለየት የቆዩ የሳተላይት ምስሎች አሉ፤ ላንድሳት የተባለው ሳተላይት ከእ.ኤ.አ. 1972 ጀምሮ ያነሣቸውን ማመሳከር ይቻላል። ነገር ግን ደንቡ አስቀድሞ በስምምነቱ ላይ ካልተጻፈ ምስሉ የሚያሳየው የወንዙን ጉዞ ብቻ ነው፤ የማን መሬት እንደሆነ አይናገርም።

የስም ጉዳይም አለ፤ ጸሐፊው አንድም ቃል አላሉበትም። በ1892 ዓ.ም. በኢትዮጵያና በኢጣሊያ መካከል የተፈረመው የኤርትራ ወሰን ውል መስመሩን በመረብ፣ በበለሳና በሙና ወንዞች ነበር የገለጸው። ከመቶ ዓመት በኋላ ጉዳዩን የያዘው የድንበር ኮሚሽን ካደከሙት ጥያቄዎች አንዱ በለሳ የተባለው ከጅረቶቹ የትኛው ነው፣ ሙናስ የቱ ነው የሚል ነበር። ውሉን የጻፉት ሰዎች ወንዝ ግልጽ ወሰን ነው ብለው ነበር። በእኛም አካባቢ ጊቤ ማለትና ግልገል ጊቤ ማለት አንድ አይደለም፤ ከሁለቱ በታች ያሉት ገባሮች ደግሞ ብዙዎቹ በላይኛው መንደር አንድ ስም፣ በታችኛው መንደር ሌላ ስም አላቸው። ሁለቱ ጅረቶች የሚገናኙበት ነጥብ በኮኦርዲኔት፣ ማለትም መገኛውን በሚያሳይ ቁጥር፣ ካልተጻፈ «ጅረቱን ተከትሎ» የሚለው ቃል ሁለት መንገድ ይከፍታል።

ግድብ ሲመጣ ሁሉም ይቀየራል። ጊቤ ሦስት በ2009 ዓ.ም. ሲመረቅ ከኋላው የተኛው ውኃ ርዝመቱ 150 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በዳውሮና በወላይታ መካከል ወሰን የነበረው የኦሞ ጥልቅ ፍሰት ዛሬ ከሐይቅ ሥር ነው። የሐይቁ ጠርዝ ደግሞ ኃይል በተመረተና ዝናብ በዘነበ ቁጥር ከፍና ዝቅ ይላል። እንዲህ ባለ ቦታ ውኃው ከመሙላቱ በፊት የነበረው የወንዙ መስመር በኮኦርዲኔት ተመዝግቦ መቀመጥ አለበት፤ ከሞላ በኋላ ሊገኝ የሚችለው ከድሮ ካርታና ከድሮ ምስል ብቻ ነው። ሌላ ግድብ በታሰበ ቁጥር ይህ ሥራ በጥናቱ ጊዜ መሠራት ይኖርበታል።

ስለዚህ «ወንዙ» የሚለው ቃል እንዲህ ባለ ዓረፍተ ነገር ይተካ እንላለን፦ «ከነጥብ 14 እስከ ነጥብ 15 በዚህ ሰነድ ዓመት በጥር ወር በዝቅተኛ ውኃ ጊዜ የተለካው የዋናው ፍሰት ጥልቅ መስመር፤ ወንዙ ቀስ በቀስ ሲንቀሳቀስ ወሰኑ አብሮ ይንቀሳቀሳል፤ በጎርፍ ድንገት ቦታ ሲለቅ ወሰኑ በቀድሞው መስመር ይጸናል፤ የሁለቱም ዳርቻ ነዋሪዎች ለመጠጥና ለከብት ውኃ የመጠቀም መብታቸው አይነካም።» ረዘም ይላል፤ ግን ከዚህ ያጠረው ሁሉ ለነገ ክርክር በር ይተዋል።

«ሁለት ወጣቶች፣ ስልክ፣ አንድ ሳምንት»

ስልክ ክፍት ሰማይ ሥር አምስት ሜትር ገደማ ስሕተት ይዞ ቦታህን ይነግርሃል። በጫካ ቡና ውስጥ ግን፣ ከላይ የጥላ ዛፉ ቅጠል ሲጋርድ፣ ስሕተቱ በብዙ እጥፍ ያድጋል፤ ቆመህ ሳለ ነጥቡ በስክሪኑ ላይ ሲራመድ ታየዋለህ። እንዲህ ባለ ቦታ ከጫካው ውጭ ክፍት ሜዳ ላይ ሁለት ነጥብ በጥሩ መሣሪያ ለክቶ፣ ከዚያ ቶታል ስቴሽን በሚባለው፣ ማዕዘንና ርቀት በሚለካ የቅየሳ መሣሪያ ወደ ውስጥ መግባት ነው የሚያዋጣው።

ይህ ግን ትንሹ ስሕተት ነው። ትልቁ የሚመጣው ከካርታ የተነበበ ቁጥር በስልክ ላይ ሲጻፍ ነው። የቆዩት የ1:50,000 ካርታዎቻችን የተሠሩት አዲንዳን በሚባለው ዳተም ነው፤ ዳተም ማለት የቦታ ቁጥር የሚሰላበት መነሻና የምድር ቅርጽ ነው። መነሻው በግብፅና በሱዳን ወሰን አካባቢ ያለ የቅየሳ ነጥብ ሲሆን፣ የምድርን ቅርጽ ክላርክ 1880 በሚባለው ስሌት ይወስዳል። ስልክና ጂፒኤስ ግን ደብልዩጂኤስ 84 በሚባለው ነው የሚሠሩት። አንድ መሬት ላይ ያለ ነጥብ በሁለቱ ሥርዓቶች ሁለት የተለያዩ ቁጥሮች አሉት። ዩቲኤም ምድርን በቀጠና ከፍሎ ቦታን በሜትር የሚገልጽ አቆጣጠር ነው፤ በጅማ አካባቢ የደብልዩጂኤስ 84 የዩቲኤም ቁጥር ከአዲንዳኑ ወደ ምሥራቅ 90 ሜትር ገደማ፣ ወደ ሰሜን ደግሞ ከ200 ሜትር ትንሽ በለጥ ብሎ ይበልጣል። ከካርታው የተነበበውን ቁጥር ሳይቀይሩ በስልኩ ላይ የጻፉት ወጣቶች ስልኩ የሚወስዳቸው ከእውነተኛው ቦታ 200 ሜትር ገደማ ወደ ደቡብ፣ 90 ሜትር ገደማ ወደ ምዕራብ ወጣ ብሎ ነው።

አሁን ጎጀብን አስቡት። ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚፈስ ወንዝ ነው፤ ስለዚህ የሰሜን–ደቡቡ ስሕተት ሙሉ በሙሉ ይመታዋል። ከካርታው ላይ በሰሜን ዳርቻ የተነበበ ነጥብ ወንዙን ተሻግሮ ደቡብ ማሳ ውስጥ ይወድቃል። በአንድ ኪሎ ሜትር ርዝመት 20 ሄክታር ነው። ማዶ ያለው ወገን ተመሳሳይ ስሕተት በተገላቢጦሽ ሲሠራ፣ ማለትም በስልክ የለካውን ቁጥር ሳይቀይር በድሮ ካርታ ላይ ሲያሰፍር፣ ነጥቡ ካርታው ላይ ወደ ሰሜን ይገፋል። ሁለቱም በቅንነት ለክተዋል፤ ሁለቱም «መሣሪያው ነው የነገረኝ» ይላሉ፤ በመካከላቸው 400 ሜትር አከራካሪ መሬት ተፈጥሯል። ከዚህ በፊት ጠብ ባልነበረበት ቦታ ጠብ የሚጀመረው እንዲህ ነው።

የዳተም ስሕተት አደገኛ የሆነው ስለማይታይ ነው። የዩቲኤም ቀጠናን መሳሳት ግን ወዲያው ይታወቃል። የ36 ዲግሪ ኬንትሮስ ቀጠና 36ንና ቀጠና 37ን ይለያል፤ ጅማና ቦንጋ በ37፣ መቱና ሚዛን በ36 ውስጥ ናቸው። ቀጠናውን የተሳሳተ ሰው ነጥቡ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ ይወድቃልና ስቆ ያርመዋል። ሁለት መቶ ሜትር ግን ማንም አይስቅበትም። ስለዚህ ማንኛውም የወሰን ቃለ ጉባኤ ላይ ከእያንዳንዱ ቁጥር ጋር ዳተሙ፣ ቀጠናው፣ የተለካበት መሣሪያና ቀን መጻፍ አለበት። የሚቀያየረው ቁጥርም ለሁለቱም ወገን በአንድ ባለሙያ፣ በአንድ ስሌት ይቀየር፤ ለዚህ የስፔስ ሳይንስና ጂኦስፓሻል ኢንስቲትዩት አለ።

ስልኩ ላይ አስቀድሞ የተሰመረው የክልል መስመርስ? ጸሐፊው እንደ ማስረጃ ጠቅሰውታል። እንዲህ ያሉት መስመሮች በአብዛኛው የተገኙት ለሕዝብ ቆጠራ ተብሎ ከተሠራ ካርታ ነው። የቆጠራ ካርታ ዓላማው አንድ ቤት ሁለት ጊዜ እንዳይቆጠር ወይም እንዳይዘለል ማድረግ ነው፤ የመጨረሻው አገር አቀፍ ቆጠራ ደግሞ በ1999 ዓ.ም. ነው የተካሄደው። መስመሩን በጣት ብናጎላው ስክሪኑን ይሞላል እንጂ አይጠራም።

«ድምፅ ሰጥቶ ይገላገል»

እዚህ ላይ ጸሐፊው ሁለት ነገር ቀላቅለዋል። የሲዳማን የ2012 ዓ.ም. እና የደቡብ ምዕራብን የመስከረም 20 ቀን 2014 ዓ.ም. ሕዝበ ውሳኔ «ወሰን በድምፅ እንደሚፈታ ማሳያ» ብለው አቅርበዋል። ሁለቱም የተካሄዱት በአንቀጽ 47 መሠረት አዲስ ክልል ለመመሥረት ነው። የቀረበው ጥያቄ «የራሳችን ክልል ይኑረን ወይስ በነበርንበት እንቀጥል» የሚል ነበር፤ ከጎረቤት ጋር ያለው መስመር በየት ይለፍ የሚል አልነበረም። የወሰን ጥያቄ የአንቀጽ 48 ጉዳይ ነው።

በእውነት ለወሰን የተደረገ ድምፅ ከፈለጉ በጥቅምት 1997 ዓ.ም. በኦሮሚያና በሶማሌ ክልሎች መካከል የተካሄደው አለላቸው። ከ400 በላይ ቀበሌዎች ድምፅ ሰጡ፤ አብዛኞቹ ወደ ኦሮሚያ ተወሰኑ። ውጤቱን ለመፈጸም ሁለቱ ክልሎች የተፈራረሙት በሚያዝያ 2009 ዓ.ም. ነው፤ ከ12 ዓመት በላይ ቆይቶ። በዚያው ዓመትና በ2010 ዓ.ም. በአካባቢው የተነሣው ግጭት በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎችን አፈናቀለ። ለግጭቱ ብዙ ምክንያት አለው፤ ሁሉንም በወሰን ላይ መጫን ትክክል አይሆንም። ነገር ግን ከቅየሳ አንጻር አንድ ነገር ግልጽ ነው። ድምፅ የሚሰጠው በቀበሌ ነው፤ ቀበሌው ራሱ ግን በችካል የተለየ መስመር የለውም። «ይህ ቀበሌ ወደዚህ፣ ያ ቀበሌ ወደዚያ» የሚል ውጤት ሲነገር፣ በሁለቱ ቀበሌዎች መካከል ያለው ግጦሽና ጉድጓድ የማን እንደሆነ ድምፁ አልነገረንም። በተለይ አርብቶ አደር ባለበት ቀበሌ ማለት ሰው እንጂ መሬት አይደለም።

ስለዚህ ድምፅ ማሰጠት የግድ ቢሆን፣ ከድምፁ በፊት የሚያልቁ ሥራዎች አሉ። የቀበሌዎቹ ዙሪያ በሁለቱም ወገን ፊርማ መለካት አለበት። መራጭ የሚሆነው እስከ የትኛው ቀን ድረስ ነዋሪ የነበረ እንደሆነ መወሰን አለበት፤ ቀኑ ጥያቄው ከተነሣበት በፊት ካልሆነ ሁለቱም ወገን ሰው ማስፈር ይጀምራል። ውጤቱ ደሴት ቢፈጥር፣ ማለትም ዙሪያውን በሌላው የተከበበ ቀበሌ ቢያመጣ ምን እንደሚደረግ አስቀድሞ ይጻፍ። የማስፈጸሚያው ቀንና በጀትም እንዲሁ።

ጸሐፊው «ሕጉ የጊዜ ገደብ የለውም» ያሉትም ልክ አይደለም። አንቀጽ 48 የፌዴሬሽን ምክር ቤት የቀረበለትን ጉዳይ በሁለት ዓመት ውስጥ የመጨረሻ ውሳኔ እንዲሰጥበት ያዛል። ጊዜው የሚባክነው ከዚያ በፊት ነው፤ ክልሎቹ «እየተነጋገርን ነው» በሚሉበት ወቅት፣ ለእሱ ገደብ ስላልተቀመጠ። ጉዳዩ ወደ ምክር ቤቱ ካልተላከ የሁለት ዓመቱ ሰዓት አይጀምርም። በ2011 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1101 የተቋቋመው የአስተዳደር ወሰንና የማንነት ጉዳዮች ኮሚሽንም አጥንቶ ምክረ ሐሳብ እንዲያቀርብ እንጂ እንዲወስን አልነበረም።

አንድ ነገር እንጨምር። የጅማ ዞን ጎረቤቶች በሁለት ዓመት ውስጥ ተቀይረዋል። ከፋ፣ ኮንታና ዳውሮ በ2014 ዓ.ም. ወደ ደቡብ ምዕራብ፣ የምና ሐዲያ በ2015 ዓ.ም. ወደ ማዕከላዊ ኢትዮጵያ ሄደዋል። ከቀድሞው የደቡብ ክልል ጋር የተፈረመ ማንኛውም ቃለ ጉባኤ ፈራሚው አሁን የለም። ወራሾቹ ክልሎች ሰነዱን ተቀብለው በስማቸው ካላጸኑት በስተቀር፣ የተስማማነው ነገር ከመደርደሪያ አይወጣም። ይህ በአንድ ስብሰባ የሚያልቅ ሥራ ነው፤ ከሁሉ በፊት ቢሠራ ደስ ይለናል።

ችካሉ

ጸሐፊው ችካልን በግማሽ መስመር አልፈውታል፤ «ከዚያ ድንጋይ ማስቀመጥ ነው» ብለው። ድንጋይ በአንድ ሌሊት ይነሣል። ባሕር ዛፍ ምልክት ካደረጉት በጥቂት ዓመት ይቆረጣል። የመንገድ ጠርዝ ላይ የተተከለውን ግሬደር ይገፋዋል።

የሚቆይ ችካል 30 በ30 ሴንቲ ሜትር፣ ርዝመቱ 1.20 ሜትር የሆነ ኮንክሪት ነው፤ 70 ሴንቲ ሜትሩ ከመሬት ሥር፣ 50ው ከላይ። አራት ባለ 10 ሚሊ ሜትር ብረት ያስፈልገዋል። ሲሚንቶ፣ አሸዋና ጠጠሩ 1፣ 2፣ 4 ቢሆን አንድ የ50 ኪሎ ከረጢት ሲሚንቶ ለአንድ ችካል በቂ ነው። ሲያልቅ 260 ኪሎ ግራም ገደማ ይመዝናል፤ ስለዚህ ተሸክሞ መውሰድ ሳይሆን እዚያው መሙላት ነው፤ ውኃና አሸዋ ወደ ቦታው ማድረስ አለ፤ ለሰባት ቀን እርጥበት መጠበቅ አለ። ከሥሩ፣ ችካሉ ሳይሞላ በፊት፣ የብረት ሰሌዳ ወይም የተቆረጠ ብረት ይቀበር፤ ችካሉ ቢነቀል ነጥቡ ከሥር ይገኛል። ከዚያ በዙሪያው የማይንቀሳቀሱ ሦስት ነገሮች፣ እንደ ትልቅ አለት፣ የድልድይ ጥግ፣ የሕንፃ ማዕዘን፣ ተመርጠው ርቀታቸው በሜትር ይመዝገብ።

መስመሩ በሚታጠፍበት ሁሉ አንድ፣ ቀጥ ባለበትም ሰው በሚኖርበት አካባቢ በየ500 ሜትሩ አንድ ያስፈልጋል፤ ከአንዱ ቆሞ ቀጣዩ መታየት አለበት። ለ40 ኪሎ ሜትር የየብስ መስመር በትንሹ 81 ችካል ነው። አንድ ቡድን በቀን ሦስት ወይም አራት ቢተክል ተከላው ብቻ አንድ ወር ይፈጃል። ወቅቱም ይመረጣል። የጅማ ዝናብ ረጅም ነው፤ ሲያባራ ደግሞ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ቡና ለቀማ ነውና ሽማግሌዎቹም ወጣቶቹም ጫካ ናቸው። የሚቀሩት ጥርና የካቲት ናቸው። ይህን ያላገናዘበ ዕቅድ ወይ በጭቃ ይቆማል፣ ወይ መስመሩን የሚያውቁት ሰዎች በሌሉበት ይሠራል።

የሰዎቹ ነገር ከኮንክሪቱ ይበልጣል። ከሁለቱም ወገን እኩል ቁጥር ያላቸው ሽማግሌዎች መስመሩን በእግራቸው አብረው መሄድ አለባቸው። እያንዳንዱ ነጥብ ላይ ቆመው «እዚህ ነው» ካሉ በኋላ ነው ቀያሹ የሚለካው፤ ቀያሹ ለክቶ ሽማግሌዎቹን ለምስክርነት ሲጠራ ግን ነገሩ ተገልብጧል። ያልተስማሙበት ነጥብ ይዘለል፣ ይመዝገብ፣ በሚቀጥለው ይቀጠል፤ በአንድ ነጥብ ምክንያት ሠላሳ ኪሎ ሜትር የታወቀ መስመር መታገድ የለበትም። ቃለ ጉባኤው በአፋን ኦሮሞና በአማርኛ ይጻፍ፤ የቦታ ስም ሁለት አጠራር ካለው ሁለቱም ይግቡ፤ ትርጉም ቢለያይ የትኛው እንደሚጸና ይወሰን።

«ገበሬው ወደ ወገኑ ይሻገር»

ይህን በመጠነኛ ቃል ማለፍ አንችልም። የአስተዳደር ወሰን ሲቀየር የሚቀየረው የሚያስተዳድረው ወረዳ ነው፤ የገበሬው ይዞታ አይነካም። አንቀጽ 40 አርሶ አደር መሬት በነፃ የማግኘትና ከመሬቱ ያለመነቀል መብት እንዳለው በግልጽ ይደነግጋል። «ወገን» ተብሎ ሰውን በቋንቋው ለይቶ ከማሳው ማንሣት በየትኛውም ሕጋችን ቦታ የለውም። በጎጀብም በጊቤም ግራና ቀኝ ያለው ሕዝብ ተጋብቷል፤ ገበያው አንድ ነው፤ ብዙ ቤት ሁለቱም ቋንቋ ይነገራል። መሬት ቀይሮ ማሻገር የሚሉት ነገር የሃያ ዓመት ቡና ጥሎ መሄድ ነው፤ ቡና እንደ ዕቃ አይጫንም።

ጸሐፊው ያሰጋቸው ነገር፣ ማዶ የቀረው ገበሬ መብቱን ያጣል የሚለው፣ መሠረት አለው። የሚያጣው ግን በመስመሩ ሳይሆን በመዝገቡ ነው። የይዞታ ደብተሩ በቀድሞው ወረዳ ነው የተመዘገበው። አዲሱ ወረዳ መዝገቡን ካልተረከበ ገበሬው እዚያ «ያልተመዘገበ» ይሆናል፤ ማከራየት፣ ማውረስ፣ መካሰስ ያቅተዋል። ስሙ ከቁቤ ወደ ፊደል ሲገለበጥ አንድ ፊደል ከተለወጠ ሌላ ሰው ይሆናል። ሁለቱም ወረዳዎች ግብር ይጠይቁታል፤ የግብር ደረሰኝ ለወሰን ክርክር ማስረጃ ስለሚሆን ሁለቱም አጥብቀው ይጠይቃሉ፤ ለአንዱ ከከፈለ በሌላው ዘንድ ወገን ለየ ይባላል።

ለዚህ የሚያስፈልገው እንዲህ ነው። ከርክክቡ በፊት በመስመሩ በሁለቱም ጎን ያለው እያንዳንዱ ማሳ በካርታና በመለያ ቁጥር ይዘርዘር፤ የባልና የሚስት ስም በሁለቱም ጽሕፈት ይጻፍ፤ ዝርዝሩ ለ30 ቀን በቀበሌው ይለጠፍና ተቃውሞ ይሰማ። መስመሩ የአንድን ሰው ማሳ ለሁለት የሚከፍል ከሆነ ችካሉ ወደ ማሳው ጠርዝ እንዲዛወር መስመሩን የሚለየው የሁለቱ ወገን የጋራ ኮሚቴ ሥልጣን ይኑረው። የርክክቡ ዓመት ግብር ለአንድ ወረዳ ብቻ እንዲከፈል ይወሰንና የቀድሞው ደረሰኝ ዋጋ እንዳለው በጽሑፍ ይረጋገጥ። በፍርድ ቤት የተጀመረ የመሬት ክርክር በጀመረበት ፍርድ ቤት ይለቅ። ይህ ሁሉ አልቆ መዝገቡ ከወረዳ ወደ ወረዳ በፊርማ የሚተላለፍበት ቀን፣ የመጀመሪያው ችካል ከሚተከልበት ቀን በፊት እንዲሆን በስምምነቱ ላይ ይጻፍ።